የተዘቀዘቀ ነጠላ

ባለፈው የካቲት መንዝ ውስጥ፣ ከመሐል ሜዳ ብዙም በማይርቅ የገጠር መንደር፣ ለአክስቴ ለቅሶ ተሰብስበን ሳለ፣ አሜሪካ ተወልዳ ያደገች የእህቴ ልጅ ነጠላዋን እንደ ዓመት በዓል ለብሳ፣ ጥለቱን ወደ ታች ለቃ ገባች። ማንም ክፉ ቃል አልተናገራትም። እናቴ ግን ተነሥታ ወደ ጓዳ ወሰደቻትና ነጠላውን ዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ አንገቷ መልሳ አለበሰቻት። ማታ እሳት ዳር በርኖስ ተከናንበን ስንቀመጥ ልጅቷ «አጎቴ፣ ሐዘኑ በልቤ ካለ ጥለቱ ላይ ሆነ ታች ምን ለውጥ አለው?» ስትል ጠየቀችኝ። ከልቧ እንደ ጠየቀችኝ አውቃለሁ፤ በቂ መልስ ሳልሰጣት መተኛቴ ስለሚቆጨኝ ነው ይህን የምጽፈው።

ሳስበው በቅድሚያ የመጣልኝ የጃፓኖች ኪሞኖ ነበር። ኪሞኖ የለበሰ ሰው፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ የግራውን ጎን በቀኙ ላይ ይደርባል። ይህ የአደራረብ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ719 በቤተ መንግሥት ትእዛዝ የተደነገገ ነው፤ ዛሬ ቀኙ በግራው ላይ የሚደረበው ለቀብር በሚዘጋጅ አስከሬን ላይ ብቻ ነው። እንግዲህ እንደ እኛ ነጠላ ሁሉ በእነርሱም ዘንድ ያው አንድ ልብስ በአለባበሱ አቅጣጫ ብቻ ሕይወትንና ሞትን ይለያል ማለት ነው። ከዚህም በላይ ይናገራል። እጅጌው ረጅም ሆኖ የሚንዘረፈፈው ፉሪሶዴ የሚባለው ኪሞኖ ያላገባች ወጣት ልብስ ሲሆን፣ ያገባች ሴት ግን እጅጌው አጠር ያለውን ትለብሳለች። በሐዘን ጊዜ በሚለበሰው ጥቁር ኪሞኖ ላይ የቤተሰቡ ዓርማ በአምስት ቦታ ይታተማል፤ እኔ እንደሚገባኝ ሐዘንተኛዋ በዚያ ልብስ የምትቆመው በራሷ ብቻ ሳይሆን በቤቷ ስም ጭምር ነው። በኤዶ ዘመን፣ ከ1603 እስከ 1868 እ.ኤ.አ.፣ መንግሥት ነጋዴዎች በልብስ እንዳይኩራሩ ደጋግሞ ሲከለክል፣ ባለጠጎቹ ላዩን ጨዋና ደብዛዛ አድርገው ውድ ሐሩንና ሥዕሉን በገበሩ ውስጥ ይሸሽጉ ነበር። ይህን ባነበብሁ ቁጥር እደነቃለሁ፤ ክልከላው ጠፍቶ እንኳ ውበትን ከውስጥ መያዝ እንደ ጨዋነት መቆጠሩ አልቀረምና።

የልጅቷ ጥያቄ ግን የተወለደው በሌላ ምድር ነው። አሜሪካኖች ገና አገር ሲመሠርቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1776 ቤንጃሚን ፍራንክሊን ወደ ፈረንሳይ መልእክተኛ ሆኖ ሲሄድ፣ ዊግና ሐር በሞላበት ከተማ ከአውሬ ጠጉር የተሠራ ቆብ አድርጎ ተራ ልብስ ለብሶ ታየ፤ ፈረንሳዮቹም ያን ቀላልነት እንደ እውነተኛነት ምልክት አድርገው ወደዱት። ከመቶ ዓመት ግድም በኋላ፣ በ1873፣ ያዕቆብ ዴቪስ የተባለ ልብስ ሰፊና ነጋዴው ሌቪ ስትራውስ የሱሪን ኪስ በመዳብ ምስማር የማጠናከር የፈጠራ መብት አወጡ፤ ለሠራተኛ የታሰበው ያ ጅንስ በኋላ የባለጠጋውም የተማሪውም ልብስ ሆነ። ይህም፣ ልብስ የሰውየውን ማዕረግ ሳይሆን ሰውየውን ራሱን ይናገር ከሚል እምነት የመጣ ይመስለኛል፤ ምንም እንኳ ሁሉም ጅንስ ሲለብስ እርሱም በተራው አንድ ዓይነት ደንብ ልብስ መሆኑ ባይቀርም።

ከሁሉ ይልቅ ለልጅቷ ልነግራት የሚገባኝ የነበረው ግን የጥቁሩ ጨርቅ ታሪክ ነው። በታኅሣሥ 1965 እ.ኤ.አ. በአዮዋ ግዛት፣ በዴ ሞይን ከተማ፣ ጥቂት ተማሪዎች በቬትናም ጦርነት ለሞቱት ሐዘናቸውን ለመግለጥ ክንዳቸው ላይ ጥቁር ጨርቅ አስረው ትምህርት ቤት ገቡ፤ ታገዱም። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1969 በሰባት ለሁለት ድምፅ ተማሪዎቹ ረቱ። እዚያ የሐዘን ምልክት ማንም ያላዘዘው፣ አንድ ሰው ከኅሊናው ተነሥቶ የሚያስረው ንግግር ነው። እዚህ ግን ነጠላው የሚዘቀዘቀው ለመንገደኛው ነው። ሐዘንተኛዋን በገበያ መንገድ የሚያገኛት ሰው ገና ከሩቅ አይቷት ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ስለ እህል ዋጋ ከመጠየቁ በፊት «እግዜር ያጥናሽ» ይላታል፤ እርሷም ሐዘኗን በየደረሰችበት በቃል እየደጋገመች ከማስረዳት ታርፋለች።

ይህን ስል የእኛ ወግ ሸክም የለበትም ማለቴ አይደለም። ባሏ የሞተባት ሴት ዓመት ሙሉ ጥቁር ከለበሰች በኋላ ሐዘኗን ስታወልቅ ጎረቤት «ቸኮለች» ብሎ ሲያማት አይቻለሁ፤ ያን ጊዜ የአዮዋ ልጆች መብት ለእርሷም በደረሳት ብዬ እመኛለሁ።

በማግስቱ እሑድ ነበር። ልጅቷ ለቤተ ክርስቲያን ስትዘጋጅ ነጠላዋን በሁለት እጆቿ ዘርግታ ይዛ እናቴ ፊት ቆመች፤ እናቴም በደረቷ ላይ መስቀለኛ አጣፍታ አለበሰቻት። ልጅቷ ግን ፈትታ ነጠላውን ዘረጋችውና፣ እናቴ ዝም ብላ እያየቻት፣ በራሷ እጅ ደግማ አጣፋችው።