ለጉልበቴ የሚሆን፣ ጨጓራዬን የማይጎዳ፦ የማስታገሻ ፍለጋዬ እስካሁን

የጉልበቴ ህመም ዛሬም አልጠፋም። ግን ደረጃ እወጣለሁ፣ ሌሊት እተኛለሁ፣ ጨጓራዬም ሰላም ነው። እዚህ ለመድረስ ብዙ ነገር ሞክሬያለሁ። ተመሳሳይ ህመም ላለባችሁ የሠራልኝንም የተውኩትንም ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ የህመሙን ዓይነት ልናገር፤ መድኃኒቱ የሚለየው በዚህ ነውና። የእኔ ኦስቲዮአርትራይተስ ነው። በሁለቱም ጉልበቶቼና በቀኝ አውራ ጣቴ ሥር አለ። የአጥንቶችን ጫፍ የሚሸፍነው ካርቲሌጅ እየሳሳ ሲሄድ የሚመጣ ህመም ነው። ጠዋት ስነሳ ጉልበቴ ይያዛል፤ ትንሽ ከተንቀሳቀስኩ ግን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይለቀኛል። የእናንተ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚቆይ ከሆነ፣ የሁለቱም እጆቻችሁ መገጣጠሚያዎች አብረው የሚያብጡ ከሆነ፣ ሩማቶይድ አርትራይተስ ሊሆን ይችላልና ቶሎ ተመርመሩ። እሱ የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። ማስታገሻ ብቻ እየዋጡ መቆየት አያዋጣም፤ ህመሙ ቢታገስም መገጣጠሚያው ውስጥ ውስጡን ይጎዳል። እንደ ሜቶትሬክሴት ያለ በሽታውን ራሱን የሚገታ መድኃኒት በጊዜ መጀመር አለበት። ከዚህ በኋላ የምለው ስለ እኔው ዓይነት ነው።

የጀመርኩት በፓራሲታሞል ነበር። ለጨጓራ አይከብድም። ለጤነኛ አዋቂ ጣሪያው በቀን 4 ግራም ነው፤ ባለ 500 ሚሊግራሙ 8 ፍሬ ማለት ነው። ከዚያ ካለፈ ጉበት ይጎዳል። ብዙ የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥም ስላለ ሳያውቁት መደራረብ ቀላል ነው። ለእኔ ግን እምብዛም አልረዳኝም። በኦስቲዮአርትራይተስ ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ጥቅሙ ትንሽ መሆኑን ነው የሚያሳዩት።

ቀጥሎ ሐኪሜ አይቡፕሮፌን፣ ኋላም የዳይክሎፌናክ ኪኒን አዘዙልኝ። እውነቱን ለመናገር ለህመሙ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም። እብጠቱ ጎደለ፣ ደረጃው ቀለለኝ። ግን ጨጓራዬ ያቃጥለኝ ጀመር። ቁርጭምጭሚቴ አበጠ፣ የደም ግፊቴም ከፍ አለ።

ሐኪሜ ነገሩን ረጋ ብለው አስረዱኝ። እነዚህ መድኃኒቶች ፕሮስታግላንዲን የሚባለውን ንጥረ ነገር መመረት ይቀንሳሉ። እብጠትና ህመም የሚያባብሰው እሱ ነው። ግን የጨጓራን ግድግዳ ከአሲድ የሚጠብቀውና ለኩላሊት ደም በደንብ እንዲደርስ የሚያግዘውም እሱ ነው። ጉዳቱ በደም በኩልም ስለሚመጣ ከምግብ ጋር መዋጥ ብቻውን አይበቃም። ለዚህ ነው የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል አብሮ የሚታዘዘው። ሰገራችሁ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ሆድ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ሊሆን ስለሚችል ለነገ አትበሉ፣ ያኔውኑ ሐኪም ጋ ሂዱ።

የግፊት መድኃኒት ለምትወስዱ ደግሞ ይህን አደራ እላለሁ። እንደ ኤናላፕሪል ያለ የግፊት መድኃኒት፣ የሚያሸና መድኃኒትና እንዲህ ያለ ማስታገሻ ሦስቱ ሲገናኙ ኩላሊትን ክፉኛ ሊጎዱ ይችላሉ። ማስታገሻ ከመግዛታችሁ በፊት የምትወስዱትን ሁሉ ለፋርማሲስቱ ንገሩ። እኔ የግፊት መድኃኒት ስለምወስድ ኪኒኑን በየቀኑ መዋጥ የማያስኬድ መሆኑ እዚህ ላይ ግልጽ ሆነልኝ። ከእነዚሁ ማስታገሻዎች ለጨጓራ የሚሻለው ሴሌኮክሲብም ተነስቶ ነበር። ነገር ግን እሱም ግፊት ሊጨምርና ኩላሊትን ሊነካ ይችላል። የዚያው ቤተሰብ የነበረው ሮፌኮክሲብ የድንገተኛ የልብ ህመም (ሃርት አታክ) እና የስትሮክ አደጋ ስለጨመረ በ2004 እ.ኤ.አ. ከገበያ ወጥቷል። ከሐኪሜ ጋር ተነጋግረን ለእኔ ይቅር አልን።

ለውጥ ያየሁት በዳይክሎፌናክ ጄል ነው። መድኃኒቱ ያው ነው፣ መንገዱ ግን ሌላ። ከሚቀባው ወደ ደም የሚገባው ከሚዋጠው ጋር ሲነጻጸር 6 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ግን ዝም ብሎ ጠብ አድርጎ ማሸት አይደለም። ባለ 1 በመቶው ጄል ለአንድ ጉልበት በአንድ ጊዜ 4 ግራም፣ ለእጅ ደግሞ 2 ግራም ነው፤ በቀን እስከ አራት ጊዜ። 4 ግራም ሲያዩት ብዙ ነው፤ ከማሸጊያው ጋር የሚመጣው መለኪያ ካለ ተጠቀሙበት። ጉልበቱን በሙሉ፣ ዙሪያውን ይቀባል። አይሸፈንም፣ ሙቀትም አይደረግበትም። ጉልበት ከቀባችሁ በኋላ እጃችሁን ታጠቡ። እጃችሁን ከቀባችሁ ግን ቢያንስ አንድ ሰዓት ሳትታጠቡ ቆዩ። ቶሎ ውጤት አትጠብቁ፤ በደንብ የተሰማኝ በተከታታይ ስቀባ ከቆየሁ በኋላ ነው። እኔን ያስከተለብኝ የቆዳ መድረቅና አልፎ አልፎ ማሳከክ ነው። ይህን እችለዋለሁ! ዳሌያችሁን ለሚያማችሁ ግን መገጣጠሚያው ጥልቅ ስለሆነ ጄሉ እምብዛም አይደርስለትም። ጄልም ቢሆን ከተመሳሳይ ኪኒን ጋር ያለ ሐኪም ምክር አይደራረብም።

ካፕሳይሲን ቅባትም አውራ ጣቴ ላይ ሞክሬ ነበር። ከበርበሬ የሚወጣው የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር ነው። ለሳምንታት ሳያቋርጡ መቀባት ይጠይቃል። በእጅ ሳይታወቅ ዓይን ይነካልና ተውኩት። ለጉልበት ብቻ ለሚፈልግ ሰው ግን መጥፎ አይመስለኝም።

ጉልበት ላይ የሚወጋው ስቴሮይድ የሚባል እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት አንድ ክፉ ጊዜ አሻግሮኛል። እፎይታው ከሳምንታት እስከ ጥቂት ወራት ነው። ቶሎ ቶሎ አይደገምም፤ ስኳር ላለበት ሰው ደግሞ ለጥቂት ቀናት የደም ስኳሩን ከፍ ያደርጋል። ጠንከር ያለውን ማስታገሻ ትራማዶልን አልፈለግኩም። ማዞሩ፣ የሆድ ድርቀቱና ልማድ የመሆን አደጋው ለእኔ አይመጣጠንም። ለመገጣጠሚያ ተብሎ የሚሸጠውን ግሉኮሳሚንም ተውኩ፤ በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው ትልቁ የአሜሪካ ጥናት በጠቅላላው ተሳታፊ ላይ ከባዶ ኪኒን ጉልህ ብልጫ አላገኘለትም።

አንድ ነገር በጣም ያሳስበኛል። «ተፈጥሯዊ ነው፣ ቁርጥማት ያጠፋል» እየተባለ የሚሸጥ ምንነቱ ያልታወቀ እንክብል። በእንዲህ ያሉ ምርቶች ውስጥ በመለያው ላይ ያልተጻፈ ዴክሳሜታሶን የሚባል ስቴሮይድና ዳይክሎፌናክ በምርመራ ተገኝቷል። ወዲያው ተአምር የሚሠራው ለዚህ ነው። ሲወስዱት የቆዩ ሰዎች በድንገት ማቆማቸውም ራሱ አደገኛ ስለሆነ ለሐኪም ይናገሩ።

ከጄሉ እኩል የጠቀመኝ የጭን ጡንቻ ማጠንከሪያ እንቅስቃሴ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጬ እግሬን ዘርግቼ አቆየዋለሁ። እጄን ሳልደገፍ ከወንበር እነሳለሁ፣ እቀመጣለሁ። መጀመሪያ አካባቢ ያማል። መለኪያዬ ማግስቱ ነው፤ በማግስቱ ከወትሮው ከባሰብኝ እቀንሳለሁ፣ ካልባሰብኝ እቀጥላለሁ። ክብደት ደግሞ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በአንድ ኪሎ መቀነስ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበት ላይ የሚያርፈውን ጫና በ4 ኪሎ ገደማ ያቀልላል።

ይህን ሁሉ ማወዳደር የቻልኩት በማስታወሻ ደብተር ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እቀይራለሁ። ደረጃ ስወጣ ያለውን ህመም ከ0 እስከ 10 እጽፋለሁ። እዚያው መስመር ላይ ግፊቴን፣ ጨጓራዬንና እንቅልፌን እጨምራለሁ። የህመሙ ቁጥርና ጉዳቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ምርጫው ይቀልላል። ዳይክሎፌናክ ኪኒን ህመሜን ወደ 2 አወረደው፤ ግን ግፊቴን አበላሸው። ጄሉና እንቅስቃሴው 4 ላይ ነው ያቆዩኝ፤ ሌላው ግን ሁሉ ደህና ነው። እኔ 4ን መርጫለሁ። ሌላ ሰው ሌላ ሊመርጥ ይችላል። ሐኪሜም ደብተሩን አይተው ነው የሚወስኑት።

አሁን ጄሉን ጠዋትና ማታ እቀባለሁ፣ እንቅስቃሴውን አላቋርጥም። ኪኒኑ በሐኪሜ ፈቃድ በጣም ለሚከብድ ቀን ብቻ፣ ከኦሜፕራዞል ጋር ነው። ያኔ ግፊቴን እለካለሁ። ቀጥሎ የምሞክረው ለአውራ ጣቴ ደጋፊ ማሰሪያ ነው፤ ክዳን መክፈትና መጻፍ አሁንም ያስቸግረኛል። የተጠቀማችሁበት ካላችሁ፣ የጠቀማችሁ ሌሊት ስታስሩት ነው ወይስ ሥራ ላይ?