የአባቴ አርባ አንድ መስመሮች

አዳራሽ ለመከራየት ነበር ያሰብኩት። አባቴ በዋሽንግተን ዲሲ ለሠላሳ አምስት ዓመታት ታክሲ ነድቶ ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ከከተማዋ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንድ አዳራሽ አይቼ፣ ጎንደር ላለችው አክስቴ ደውዬ ካባ አሰፍቼ፣ የንግግሬንም መጀመሪያ ጽፌ ነበር። «ታታሪው አባታችን» ይላል። ከዚያ ወዲያ አንድ መስመር መጨመር አቃተኝ። ታታሪነቱን ጎረቤቱ ሁሉ ያውቀዋል። ታክሲ ከመያዙ በፊት የት እንደ ሠራ፣ ከማን ጋር እንደ ኖረ፣ ምን እንደ ቸገረው ግን እኔ ልጁ አላውቅም። ስጠይቀው መልሱ አንድ ነው፦ «ሠራን እንጂ ምን አለ!»

አዳራሹን ያስቀረው ራሱ ነው። ዋጋውን ሲሰማ «አዳራሽ ይበላል እንዴ?» አለና ወደ ዜናው ተመለሰ።

ከጭንቄ ያወጣኝ የመንግሥት ሰንጠረዥ ነው ብል ማን ያምነኛል! (ወሩንም ዓመተ ምሕረቱንም ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ወረቀቱ በዚያ ስለሆነ።) አባቴ የተወለደው በ1957 ነው፤ በአሜሪካ ሕግ ሙሉ ጡረታ የሚያገኘው 66 ዓመት ከ6 ወር ሲሞላው፣ ማለትም በመጋቢት 2024 ነው። ማመልከቻውን አራት ወር ቀደም ብሎ ማስገባት ስለሚቻል፣ በኅዳር አንድ እሑድ ኮምፒውተሬን የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ የሶሻል ሴኩሪቲ፣ ማለት የመንግሥቱ ጡረታ መሥሪያ ቤት፣ አካውንት ከፈትኩለት። እዚያ ውስጥ የገቢ ታሪኩ አለ። በግራ ዓመቱ፣ በቀኝ በዚያ ዓመት የተመዘገበለት ገቢ። ከ1983 እስከ 2023 አርባ አንድ መስመር፤ የመጨረሻው ገና አልተሞላም።

መነጽሩን አድርጎ ጣቱን ከላይ ወደ ታች እየጎተተ ወረደ። 1986 ላይ ቆመ። ዜሮ ይላል።

«ይህ ውሸት ነው» አለ። «በ1986 አንድ ቀን አላረፍኩም።»

ያን ጊዜ አፉ ተፈታ። በዚያ ዓመት መሀል ከተማ ፓርኪንግ ይሠራ ነበር፤ በሳምንት ስድስት ቀን፣ አንዳንዴም ሰባት። አዳምስ ሞርጋን ሰፈር አንድ መኝታ ክፍል ባለው አፓርታማ አምስት ሆነው ይኖራሉ። አምስቱም በሱዳን በኩል የመጡ ናቸው። ፍራሹ ሦስት ነው፤ የሌሊት ሠራተኛው ሲገባ የቀን ሠራተኛው ይነሣል። «ፍራሹ ቀዝቅዞ አያውቅም» አለኝ እየሳቀ። እኔ ይህን ስሰማ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው።

ከዚያ በኋላ በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ስለ ሁለት ሦስት መስመር እጠይቀው ጀመር። «አባዬ፣ ስለ ሕይወትህ ንገረኝ» ሲባል ዝም የሚል ሰው፣ «በ1992 ለምን ወረደ?» ሲባል መልስ አለው። ቁጥሩ ወርዷል፤ ምክንያቱን መናገር ደግሞ እንደ መኩራራት አይቆጠርበትም። ደርግ በወደቀ በዓመቱ ጎንደር ሄዶ ሦስት ወር ሳይሠራ ቆይቷል። በ1978 በመተማ በኩል የወጣ ሰው ነው። እናቱ በር ላይ ቆማ «የማን እንግዳ ነህ?» እንዳለችው ሲነግረኝ፣ ሻዩ ውስጥ ስኳሩን ሁለት ጊዜ ጨመረበት፤ ጣፋጭነቱም ሳይታወቀው ጠጣው።

ከፍ ያለው 1994 ነው። «እሱ ዳይፐር ነው» አለ፤ እኔ የተወለድኩበት ዓመት። 2001 ላይ ከመስከረሙ አደጋ በኋላ ናሽናል ኤርፖርት ሦስት ሳምንት ተዘግቶ ስለነበር የመንገደኛው ሥራ ቆመ። 2008ን እኔም አስታውሳለሁ። እስከዚያ ድረስ የዲሲ ታክሲ ሒሳብ የሚሰላው በዞን ነበር፤ ከተማዋ በካርታ ተከፋፍላለች፣ ተሳፋሪው በሚያቋርጠው ዞን ልክ ይከፍላል። አባቴ ያንን ካርታ እንደ ዳዊት በቃሉ ይዞታል። ቆጣሪ ይግባ ሲባል አንድ ሳምንት አኮረፈ፤ ከገንዘቡ ይልቅ ያናደደው፣ ያጠናው ነገር ዋጋ ማጣቱ ይመስለኛል። በ2011 መጨረሻ ኡበር መጣ፤ ከዚያ በኋላ ያሉት መስመሮች ቁልቁለት ናቸው። 2020ን አልጠየቅኩትም።

ወደዚያ ዜሮ ልመለስ፣ ለሌላው ሰው የሚጠቅመው እሱ ነውና። የእኛ ስም የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለውም፤ የአባት ስም፣ የአያት ስም እየተባለ ይሄዳል። የፓርኪንጉ ቀጣሪ የአያቱን ስም ከፊት አድርጎ፣ ፊደሉንም አሳስቶ ለሶሻል ሴኩሪቲ ልኮታል። ስምና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ካልተጣጣሙ ደግሞ ደመወዙ በባለቤቱ መዝገብ ላይ አይሰፍርም፤ ባለቤታቸው ያልታወቀ ገቢዎች በሚቀመጡበት መዝገብ ውስጥ ይቆያል። አባቴ ከሱዳን ይዞት በመጣው ሻንጣ ውስጥ የ1986ቱን ደብሊው 2፣ ቀጣሪ በየዓመቱ የሚሰጠውን የደመወዝ ወረቀት፣ አስቀምጦታል። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል። እኔ በፊት ያንን ሻንጣ እንዲጥለው ስንት ጊዜ ነዝንዤዋለሁ!

ቢሮ ሄደን ወረቀቱን አሳየን፤ ወራት ፈጅቶ ተስተካከለ። ጡረታ የሚሰላው ገቢ ከፍ ባለባቸው 35 ዓመታት ነው፤ የድሮው ደመወዝም በኋለኛው ዘመን ደመወዝ መጠን ተስተካክሎ ከፍ ይላል። እንዲያም ሆኖ ያ የ1986ቱ 8,400 ዶላር በወርኃዊ ጡረታው ላይ የጨመረው አሥራ አምስት ዶላር እንኳ አይሞላም። አባቴ ግን የምሥራቹን ሲሰማ ተነሥቶ ሻንጣውን በጨርቅ ወለወለው።

አንድ ቀን በጣም አጥፍቻለሁ። የወር ጡረታው ግምት ስንት እንደሆነ ሳይ ደነገጥኩና «ታክስ ስታሳውቅ ለምን ይህን ያህል ታሳንሰው ነበር?» አልኩት። ታክሲ ነጂ የራሱ ቀጣሪ ነው፤ ከተጣራ ገቢው ላይ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር (ለአረጋውያን የመንግሥት የጤና መድን) 15.3 በመቶ ገደማ ራሱ ይከፍላል። ነዳጁ፣ ኢንሹራንሱ፣ ጥገናው ሁሉ ተቀንሶ የተጣራው ባነሰ ቁጥር በሚያዝያ የሚከፍለው ያንሳል፤ ጡረታውም አብሮ ያንሳል። ይህን ሒሳብ ሠላሳ ዓመት ዘግይቶ መንገር ምን ይጠቅማል? እሱም «የአንቺ ትምህርት ቤት ክፍያ ሚያዝያን አይጠብቅም ነበር» ብሎ ተነሥቶ ወጣ። በሚቀጥለው እሑድ ይቅርታ ጠይቄ ጀመርን። ሥራ ላይ ላለ አባት ወይም እናት ከሆነ ግን ይህ ጨዋታ በሃምሳ ዓመት ዕድሜ ቢነሣ ይሻላል።

ግብዣው በመጋቢት ሊሆን አልቻለም፤ ዐቢይ ጾም ነበር። እናቴም «ያለ ዶሮ ወጥ ምን ግብዣ ነው!» ብላ ለዳግማይ ትንሣኤ፣ ለግንቦት 12 ቀጠረችው። አባቴ የጋበዘው ሰው ዝርዝር አጭር ነበር። የሥራ ባልደረቦቹ፣ ከአራቱ የፍራሽ ጓደኞቹ በሕይወት ያሉት ሁለቱ፣ ከጎረቤትም ጥቂት። እኔ አርባ አንዱን መስመር በትልቅ ወረቀት አትሜ በየዓመቱ ፊት ለፊት እሱ ያለውን አንዳንድ ዐረፍተ ነገር ጽፌ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት። የገቢውን ቁጥር አወጣሁት፤ የሰው ገንዘብ ግድግዳ ላይ አይለጠፍም።

ማንበብ ስጀምር ያልጠበቅሁት ሆነ። 1989 ላይ «በእቁብ የመጀመሪያዋን መኪና ገዛሁ» ይላል። ከጓደኞቹ አንዱ፣ እኛ ጋሼ የምንላቸው፣ «ልክ አልጻፍሽም ልጄ» አሉ። «ዕጣው የእኔ ነበር። ለእሱ ለቀቅሁለት።» አባቴ አቀረቀረ። ይህን ለእኔ አልነገረኝም ነበር። ለምን ለቀቁለት? የታክሲውን ፈተና እሱ ስላለፈ፣ እርሳቸው ስለወደቁ ነው፤ «መኪና ይዤ ምን ላደርግ!» አሉና ሁሉም ሳቀ።

ካባውን ላለብሰው ስነሣ አባቴ ከእጄ ወሰደው። ዘወር ብሎ በሰውየው ትከሻ ላይ ጣለው። ለእሱ ቁመት የተሰፋ ስለሆነ መሬት ነካባቸው። እርሳቸው «ተው እንጂ!» እያሉ፣ እሱ ጫፉን እያስተካከለ፣ እናቴ በነጠላዋ እንባዋን እየጠረገች፣ እኔ ግማሽ ገጽ ንግግሬን በኪሴ ይዤ ቆሜ ቀረሁ። መረቁን። ምርቃቱ ረጅም ነበር፣ ዶሮውም ቀዘቀዘ።

አባቴ አሁን መኪናዋን ሸጦ በጥቅምት ለሦስት ወር ጎንደር ለመሄድ ያስባል። ጡረታው እዚያም ሆኖ ባንክ ይገባለታል፤ ሜዲኬር ግን ከአሜሪካ ውጭ ሕክምና አይሸፍንም፣ እሱ ብቻ ያሳስበኛል።

ከግብዣው በሳምንቱ እሑድ በሩ ተንኳኳ። ጋሼና ሌላው ጓደኛቸው ናቸው፤ ሁለቱም የቡና ስኒው ሳይቀርብ ከኮታቸው ኪስ ኤንቨሎፕ አወጡ። ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። የጋሼ 1985 እና 1987 ባዶ ናቸው።

«የትኛው ሻንጣ ውስጥ ይሆን?» አሉ፣ ወደ ጓደኛቸው ዘወር ብለው።