የደመሰስኩት ፋይል አልሸሸም፣ ዞር አለ እንጂ

ፍላሽ ፎርማት ላደርግ፣ ማለትም ባዶ አድርጌ እንደ አዲስ ላዘጋጅ ተቀምጬ ከዝርዝሩ ውስጥ የመረጥኩት የፍላሹን ሳይሆን የውጭ ሃርድ ዲስኬን ነበር። በዚያ ዲስክ ላይ አባቴ ከማረፉ በፊት የቀዳሁት ድምፁና የ11 ዓመት የቤተሰብ ፎቶግራፍ ነበረ። ጥቂት ሰከንዶች አለፉና ዲስኩን ስከፍተው ባዶ ሆኖ አገኘሁት።

ድንጋጤው ሲበርድልኝ ያ ፍጥነት አጠራጠረኝ። እነዚያን ፋይሎች ወደ ዲስኩ ስገለብጥ ሰዓታት ፈጅቶብኝ ነበር፤ ታዲያ በሰከንዶች እንዴት ይጠፋሉ? ማንበብ ጀመርኩ። ኮምፒውተር ፋይል ሲያስቀምጥ መረጃውን ብቻ ሳይሆን መረጃው በዲስኩ የት እንደተቀመጠ የሚናገር ማውጫም ይጽፋል። ሃርድ ዲስክ ላይ መረጃው በሚሽከረከር ሳህን ገጽ በመግነጢስ የተመዘገበ የዜሮና የአንድ ሰልፍ ነው፤ ስምንቱ አንድ ባይት ይሆናሉ። እኔ ያዘዝኩት «ፈጣን» የሚባለው ፎርማት ይህን ሰልፍ አይነካውም፤ አሮጌውን ማውጫ በባዶ ማውጫ ይተካል እንጂ። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይህ ነው። መረጃው በእርግጥ የሚጠፋው ሌላ መረጃ በላዩ ላይ ሲጻፍበት ነው።

ይህን ሳላነብ ቀርቼ ቢሆን ኖሮ የማገገሚያውን ፕሮግራም እዚያው ዲስክ ላይ እጭነው ነበር፤ እሱም የአባቴን ድምፅ ይሸፍነው ነበር። ስለዚህ ዲስኩን ወዲያው ነቀልኩ፤ ፎቶሬክ የተባለውን ነጻ ፕሮግራም በኮምፒውተሬ ላይ አወረድኩ፤ የሚገኙት ፋይሎች የሚቀመጡበት ሌላ ዲስክም ተዋስኩ። ፎቶሬክ ማውጫውን ችላ ብሎ ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር እየዳሰሰ የፋይል መነሻ ምልክቶችን ይፈልጋል፤ የጄፔግ ፎቶ ለምሳሌ ምንጊዜም በተመሳሳይ ባይቶች ይጀምራል። ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ አደረ። ጠዋት ፋይሎቹን ሳያቸው ስማቸው ጠፍቶ በቁጥር ተተክቷል። ቁርጥራጮቻቸው በዲስኩ ላይ ተበታትነው ተቀምጠው ከነበሩት ፎቶዎች ግማሾቹ ተበላሽተዋል። የአባቴ ድምፅ ግን ሳይጎድል ወጣ። ቁጭ ብዬ እስከ መጨረሻው አዳመጥኩት።

ከዚያ የቀሩትን ፋይሎች ማገላበጥ ስጀምር ደስታዬ በፍርሃት ተተካ። ከዓመታት በፊት የደመሰስኳቸው የፓስፖርት ቅጂ፣ የባንክ ሒሳብ መግለጫና የይለፍ ቃሎቼን የጻፍኩበት ማስታወሻ አብረው ተነሥተዋል። ያን ጊዜ ለእህቴ ልጅ የሰጠሁት አሮጌ ላፕቶፕ ትዝ አለኝ። ከመስጠቴ በፊት ሁሉንም ደምስሼ ነበር፤ ልክ እንደዚህኛው።

ደወልኩለት። «አጎቴ፣ ዊንዶውስን እንደ አዲስ ጭኜበታለሁ እኮ፣ ምንም የለም» አለኝ። ለእረፍት ሲመጣ ይዞልኝ እንዲመጣ ለመንኩት።

እስኪመጣ ድረስ የራሴን ቤት ማስተካከል ያዝኩ። መጀመሪያ የይለፍ ቃሎቼን ሁሉ ቀየርኩ፤ ለእያንዳንዱ አገልግሎት የተለያየ፣ ረጅምና በይለፍ ቃል ማስቀመጫ ፕሮግራም የተያዘ። በኢሜይሌ ላይ ሁለተኛ ማረጋገጫ ጨመርኩ፤ ኢሜይሉ የተያዘበት ሰው የሌሎቹ ሁሉ የይለፍ ቃል በእሱ በኩል ሊቀየርበት ይችላልና። ቀጥሎ ዲስኮቼን ቢትሎከር በተባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ መሰጠርኩ፤ ማለትም ያለ ቁልፍ እንዳይነበቡ አደረግኋቸው። የተመሰጠረ ዲስክ ቢሰረቅም ያለ ቁልፉ ትርጉም የለሽ የባይት ክምር ነው፤ ይህ ግን ለባለቤቱም ይሠራል። ባለ 48 አኃዙን የማገገሚያ ቁልፍ ወረቀት ላይ አትሜ ከኮምፒውተሩ ርቆ አስቀመጥኩት።

የኮምፒውተሬ የውስጥ ዲስክ ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር ሳህን የሌለው ማስቀመጫ ነው፤ እሱ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ፋይል ሲደመሰስ ትሪም የሚባለው ትእዛዝ ቦታው እንደተለቀቀ ስለሚያሳውቀው፣ ዲስኩ ራሱ ብዙ ሳይቆይ ያጸዳዋል። ፎቶሬክ የታደገኝ ስህተቱ በሃርድ ዲስክ ላይ ስለተፈጸመ ነው። ስለዚህ ለማይተካ ነገር ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ እንዲሆን አደረግሁ። በበይነመረብ የሚመሳሰለውን ፎልደር ብቻውን እንደ መጠባበቂያ አልቆጥረውም፤ እዚህ የደመሰስኩትን እዚያም ተከትሎ ይደመስሰዋል። የመጠባበቂያው ዲስክ ደግሞ ከተገለበጠበት በኋላ ይነቀላል፤ ፋይል እየቆለፈ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ የተሰካውን ሁሉ ያገኛልና።

ልጁ መጣ። ዲስኩን ከላፕቶፑ ፈትተን ከእኔ ኮምፒውተር ጋር አገናኘነውና ፎቶሬክን አስነሣን። አዲሱ ዊንዶውስ የሸፈነው የዲስኩን ጥቂት ክፍል ብቻ ነበር፤ የፓስፖርቴ ፎቶ ሲወጣ ልጁ ዝም ብሎ አየኝ። የእሱን ፋይሎች ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጠን፣ በትክክል መከፈታቸውን አረጋግጠን፣ ፎርማቱን እንደገና አዘዝን። በዚህ ጊዜ ግን «ፈጣን» ከሚለው ላይ ምልክቱን አነሣን፤ እንዲህ ሲሆን ዊንዶውስ ዲስኩን በሙሉ በዜሮ ይሞላዋል። ሰዓታት ወሰደ። ከዚያ ፎቶሬክን ደግመን አስኬድነው፤ ያገኘው ፋይል 0 ነበር።