ድርቆሽ

ዛሬ እሑድ ነው። ውጭው ጨፍግጓል፣ እኔም እንደዚያው። ምንም የሆንኩት ነገር የለም፤ የኅዳር ነገር ነው፣ እዚህ ገና 11 ሰዓት ላይ ይጨልማል። ሻይ ይዤ ቁጭ እንዳልኩ ከጓዳ በኩል ቋ ቋ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሽሮ ናት፣ የሣር ማስቀመጫዋን በጥርሷ ትጎትታለች። ባዶ ነው። አይብ ደግሞ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀምጧል። ጥንቸል ሲያኮርፍ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የቤቴ ሰውዬ እንኳ እንደዚያ አያኮርፍም።

ትንሿ «ጥንቸል ይገዛልኝ» ብላ ስታለቅስ ሁሉም ሰው ያወራልኝ ስለ ካሮት ነበር። ካሮት ለእነሱ ከረሜላ ነው። ዋናው ምግባቸው ሌት ተቀን የማይቋረጥ ደረቅ ሣር ነው። ጥርሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ያድጋል፣ ካላኘኩ አይሞረድም። ሆዳቸውም አሰር ካጣ ቀጥ ይላል፣ መብላት ካቆሙ ደግሞ ሐኪም ዘንድ መሮጥ ነው። ይህን ሁሉ የተማርኩት ቤቴ ከገቡ በኋላ ነው።

የቤት እንስሳት መደብር የሚሸጠው ከረጢት ትራስ ያህላል፣ ግማሹ አየር ነው፣ ዋጋው ግን የሳምንት አትክልት ይገዛል። ባለፈው ያመጣሁት ቡናማ ሆኖ ሲነኩት አቧራው ቡን ይላል። ጥሩ ሣር እኮ አረንጓዴነቱ አይጠፋም፣ ሽታውም ደስ ይላል። ሽሮ አሸተተችውና ሸናችበት። አስተያየቷ ገብቶኛል። እማዬ በበኩሏ «አገሩ ሁሉ ሣር ነው ትዪኝ የለም እንዴ? ምን ሆነሽ ሣር በብር ትገዢያለሽ?» ትለኛለች። የደጁ ሣር መድኃኒት እንደሚረጭበት ላስረዳት ሞክሬ ተውኩት።

ስለዚህ እንደ ፈረስ ባለቤት ማሰብ ጀመርኩ። ከከተማ ወጣ ካሉ ገበሬ ዘንድ 20 ኪሎ ያህል የሚመዝን እስር በዚያች ከረጢት ዋጋ ይገኛል፣ አንዳንዴም ባነሰ። የሚፈለገው ቲሞቲ የሚባለው ሣር ነው፣ ለስለስ ያለ ለሚወድ ደግሞ ሁለተኛ አጨዳው። አልፋልፋ የሚባለው መኖ ላደገ ጥንቸል አይሆንም፣ ካልሲየሙ ይበዛል። ዛሬም ስልኬን ይዤ የአንዱን ሻጭ ዝርዝር ወደ ታች ስወርድ ከቲሞቲው ሥር ምን ተጽፏል? ጤፍ።

ሁለቴ አነበብኩት። ለካ እዚህ አገር ጤፍ ለፍሬው ብቻ አይዘራም፤ በለጋነቱ ያጭዱትና አድርቀው ለፈረስ ይሸጡታል፣ ለጥንቸልም ይሆናል። እኛ ዘንድ ፍሬው ለሰው፣ ጭዱ ለበሬና ለጭቃ ቤት ነበር። እኔ እዚህ የጤፍ ዱቄት ዋጋ እያየሁ ከገብስና ከስንዴ ስደባልቅ ስንት ዓመቴ፣ የሰው ፈረስ ግን ንጹሕ ጤፍ ይግጣል!

የጤፍ ድርቆሽ።

ይኼ ቃል ነው ነገር ያመጣው። ባለፈው ወር እማዬ በስልክ «ድምፅሽ ምነው ደከመ?» ስትለኝ «ኧረ ምንም፣ ጥሩ ድርቆሽ አጥቼ ነው፣ እዚህ እሳት ነው ዋጋው» አልኳት። ስለ ጥንቸሎቹ ደረቅ ሣር እያወራን መስሎኝ ነበር። «እኔ እያለሁ?!» ብላ ዘጋችው። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ዘመድ ከአዲስ አበባ ሲመጣ በማዳበሪያ የተጠቀለለ ነገር አስረከበኝ። ስፈታው እንጀራ ነው፣ ደርቆ የተሰባበረ። ሽታው ቤቱን ሞላው።

ልጅ እያለሁ ድርቆሽ ሲሰጣ የእኔ ሥራ ዶሮ መከልከል ነበር። ዶሮዎቹን እከለክላለሁ፣ እኔን ግን የሚከለክለኝ የለም፤ ዳር ዳሩን እየቆረስኩ እቆረጥማለሁ። «ይቺ ልጅ ከዶሮ ትብሳለች» ትለኝ ነበር እማዬ። ድርቆሽ የሚሰናዳው መንገደኛ ሲኖር ነው፣ ስንቅ ነውና። እኔ ከወጣሁ 14 ዓመቴ። ቤት አለኝ፣ ልጅ አለኝ፣ ይኸው ጥንቸልም አለኝ። እሷ ግን እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ያለሁ ይመስላታል መሰለኝ። ልክ ትሁን አትሁን እኔም እንጃ። አንዳንድ እሑድ ልክ ትመስለኛለች።

ተነሥቼ ፍርፍር ሠራሁ። ቅቤውን ሳልቆጥብ። ገና መጉረስ ስጀምር ቋ ቋ።

እረስቻቸው! ሣር ልገዛ የያዝኩት ስልክ ጠረጴዛው ላይ ጠፍቶ ተቀምጧል፣ ገበሬውም በእሑድ ማታ ለእኔ ብሎ አያነሣም። ያንን ሽሮ የናቀችውን ሣር ደህና ደህናውን መርጬ፣ አራግፌ፣ ከሰላጣ ቅጠል ጋር ሰጠኋቸው። አይብ አሁንም አላየኝም።

አንድ ነገር ብቻ ከነከነኝ። ዕቃው የደረሰኝ ቀን ላመሰግናት ስደውል እማዬ «በሉ ተካፍላችሁ ብሉት» ነው ያለችኝ። ከማን ጋር?