ማየት ብቻ ነው የፈለግነው፣ ዲስኩ ግን ይጻፍበታል

ሊኑክስ ላይ ዲስክን በ«አርኦ» (ለማንበብ ብቻ) ማውንት ያደረገ፣ ማለትም ከፍቶ ከሲስተሙ ጋር ያገናኘ ሰው አንዲት ባይት እንኳ እንደማትቀየር ያምናል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። አርኦ የሚከለክለው እናንተንና ፕሮግራሞቻችሁን ነው። ፋይል መፍጠር፣ ማጥፋት፣ ስም መቀየር አትችሉም። ፋይል ሲስተሙ (ፋይሎችን ዲስኩ ላይ የሚያደራጀው ሥርዓት) ራሱ ግን ዲስኩ ላይ እንዳይጽፍ አልተከለከለም።

ሊኑክስ ላይ የተለመደውን ፋይል ሲስተም፣ ኢኤክስቲ4ን ውሰዱ። መብራት ድንገት ሲጠፋ ወይም ዲስኩ እየሠራ ሲነቀል፣ ጆርናሉ (ለውጦች አስቀድመው የሚመዘገቡበት ቦታ) ውስጥ ገና ወደ ቦታው ያልደረሰ ጽሑፍ ይቀራል። ቀጥሎ ማውንት ሲደረግ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) መጀመሪያ ያንን አንብቦ ወደየቦታው ይጽፈዋል፣ አርኦ ብትሉትም ይጽፈዋል። አይደብቅምም፤ የከርነሉን መልእክቶች ብታዩ፣ ለማገገሚያው ሲባል የመጻፍ ፈቃድ እንደሚከፈት በግልጽ ይናገራል። የማውንት ማኑዋልም ያስጠነቅቃል። ግን ስንቶቻችን ነን እዚያ ድረስ የምናነበው?

ምክንያት የለውም ማለቴ አይደለም። ኮምፒውተር ሲነሣ ሩቱ (ሲስተሙ ራሱ ያለበት ዋናው ፋይል ሲስተም) ብዙ ጊዜ መጀመሪያ በአርኦ ነው የሚከፈተው፣ ጆርናሉ ካልተስተካከለ ደግሞ ከርነሉ የተዘበራረቀ ነገር ሊያነብ ይችላል። ለዕለት ተዕለት ሥራ ትክክል ነው። ነገር ግን ሊሞት እያጣጣረ ያለ ሃርድ ዲስክ ለያዘ ሰው፣ ወይም ማስረጃ ሆኖ የቀረበ ዲስክ ከመመርመሩ በፊትና በኋላ ሃሹ (ከይዘቱ የሚሰላ እንደ ጣት አሻራ ያለ ቁጥር) አንድ መሆኑን ማሳየት ላለበት ሰው፣ ይቺ ሳይጠየቅ የምትመጣ ጽሑፍ ትልቅ ጉዳት ናት።

ማስቀሪያ አለው፣ ስሙ ግን እንደየፋይል ሲስተሙ ነው። ኢኤክስቲ4 ላይ አርኦ ከ«ኖሎድ» ጋር ይሰጣል። ኤክስኤፍኤስ ላይ «ኖሪከቨሪ» ነው፣ ያለ አርኦ ደግሞ አይቀበለውም። ቢቲአርኤፍኤስ ላይ «ሬስኪው» ከሚለው ኦፕሽን ሥር «ኖሎግሪፕሌይ» ይባላል። ኢኤክስቲ4 ኖሪከቨሪንም ይቀበላል፣ ይህ ጥሩ ጅምር ነው።

እኔን የሚያናድደኝ እዚህ ላይ ነው። የተጠቃሚው ጥያቄ አንድ ነው፦ ዲስኬን አትንኩብኝ። እነዚህ ስሞች ግን የሚናገሩት ስለ ፋይል ሲስተሙ ውስጣዊ አሠራር ነው። ጆርናሉን አትጫን ማለት ሌላ ነገርም አትጻፍ ማለት አይደለም፣ ነገ አዲስ የሚጽፍ ባሕርይ ቢጨመር ኖሎድ ያስቆመዋል ብሎ ቃል የገባልን የለም። ስለዚህ በሁሉም ፋይል ሲስተም ላይ አንድ ዓይነት ስም ያለው፣ ትርጉሙም «ወደዚህ ዲስክ ምንም አይጻፍ» የሆነ ኦፕሽን ያስፈልገናል። ይህን መፈጸም የማይችል ፋይል ሲስተም ማውንት አልሆንም ይበል። እምቢታው ራሱ ጠቃሚ መረጃ ነው፤ በዝምታ ከሚጻፍ፣ ስህተት አሳይቶ ቢቆም ሺህ ጊዜ ይሻላል።

እስከዚያው እኔ የምተማመነው ከታች በኩል መዝጋትን ነው። «ብሎክዴቭ» በሚባለው ትእዛዝ «ሴትአርኦ» ብላችሁ ዲስኩን ራሱን ቆልፉት፣ ፓርቲሽኑንም (የዲስኩን ክፍል) ጨምሩ፣ ከዚያ በ«ጌትአርኦ» ስትጠይቁት 1 ብሎ መመለሱን እዩ። ያን ጊዜ ጆርናሉ ያልጠራ ኢኤክስቲ4 በአርኦ ብቻ አይከፈትም፣ ኖሎድን ሞክሩ ይላችኋል። ደስ የሚለኝ ጠባይ ይኼ ነው! አንድ ነገር ግን አትርሱ፤ ዴስክቶፑ ዲስክ ሲሰካ በራሱ ማውንት የሚያደርግ ከሆነ እናንተ ትእዛዙን ሳትጽፉ ይቀድማችኋል፣ ስለዚህ መጀመሪያ እሱን አጥፉት። ለፍርድ ቤት የሚቀርብ ከሆነ ደግሞ መጻፍን የሚያግድ መሣሪያ በኬብሉ መሀል ይግባ።

በኖሎድ የምታዩት ነገር ያልተሟላ ሊሆን ይችላል፣ የመጨረሻዎቹ ለውጦች ጆርናሉ ውስጥ ቀርተዋልና። የጎደለ ፋይል ካለ ዋናውን ዲስክ አታስቸግሩት። «ዲዲሬስኪው» በሚባለው የቅጂ ፕሮግራም ሙሉ ኢሜጁን (የዲስኩን ሙሉ ግልባጭ) ቅዱ፣ የኢሜጁንም ሌላ ቅጂ አውጡ፣ ጆርናሉ እዚያ ቅጂ ላይ እንደፈለገው ይጻፍ።