ትርፍ የመሰለችን መስመር

ግንቦት 2016 ዓ.ም. ነው። ጠዋት ገና ቢሮ ሳልደርስ ስልኬ ጠራ። ሶፍትዌር የምንሠራለት የቁጠባና ብድር ማኅበር ሒሳብ ሠራተኛ ናት። «ማታ የላካችሁት መልእክት ምን ነክቶት ነው? አንዲት እናት ከንጋት ጀምሮ በራችን ላይ ተቀምጠዋል» አለችኝ።

የብድር መክፈያ ቀናቸው የደረሰ አባላትን ማታ ማታ በአጭር የጽሑፍ መልእክት የሚያስታውስ ፕሮግራም ጎላንግ ወይም በአጭሩ ጎ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጽፈንላቸው ነበር። የዚያን ማታ ተራው የ43 ሰዎች ነበር። 43 መልእክት ወጣ፤ ግን ሁሉም ወደ አንድ ስልክ። ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ የነበሩት እናት «3,200 ብር ይክፈሉ» የሚለውን 43 ጊዜ ተቀበሉ፤ ዕዳው የተደማመረባቸው መስሏቸው ሲጨነቁ አደሩ። ለሌሎቹ 42 ሰዎች ምንም አልደረሳቸውም። ሎጉን፣ ማለትም ፕሮግራሙ የሠራውን የሚመዘግብበትን ፋይል፣ ስከፍት 43 ጊዜ «ተልኳል» ይላል፤ አንድም ስሕተት አልተመዘገበም።

ኮዱን ሳየው ወዲያው ገባኝ፤ ሆዴም ባባ። ጎላንግ ውስጥ ሉፕ (ዝርዝርን አንድ በአንድ የሚያዳርስ ትእዛዝ) ሲዞር ለሉፑ ቫሪያብል (የተራውን ሰው መረጃ ለሚይዘው) የሚያዝለት ቦታ ለረጅም ዘመን አንድ ብቻ ነበር፤ በየዙሩ አዲሱ ዋጋ እዚያው ላይ ይጻፋል። የዚያን ቦታ ፖይንተር (አድራሻ) እየወሰድክ ስላይስ (ዝርዝር) ውስጥ ካጠራቀምክ፣ ሉፑ ሲያልቅ ሁሉም ፖይንተሮች የሚያሳዩህ የመጨረሻውን ሰው ነው። አንድ ወንበር ላይ 43 ሰው በየተራ ተቀምጦ ተነሣ፤ እኛ የመዘገብነው ግን የወንበሩን ቁጥር ነው። ጎላንግ የሚጽፍ ሰው ይህን ስለሚያውቅ ሉፑ ራስ ላይ ቫሪያብሉን በዚያው ስም ወደ አዲስ ቫሪያብል የሚገለብጥ አንድ መስመር ያስገባ ነበር። ለማያውቀው ሰው ከንቱ ድግግሞሽ ይመስል ነበር።

ችግሩ እኛን ብቻ የነካ አይደለም። ለድረ ገጾች የደኅንነት ሰርተፍኬት በነጻ የሚሰጠው ሌትስ ኢንክሪፕት እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ላይ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሰርተፍኬቶቹ ተገቢው ዳግም ማጣራት እንዳልተደረገባቸው ሲያሳውቅ፣ ሥሩ ይኸው የሉፕ ቫሪያብል ነበር። የጎላንግ ቡድን መሪ የነበረው ረስ ኮክስ ጉዳዩን እ.ኤ.አ. በ2022 ለውይይት አቀረበው፤ በፌብሩዋሪ 2024 የወጣው ጎላንግ 1.22 ደግሞ ለእያንዳንዱ ዙር የራሱን ቫሪያብል ሰጠ።

ያ እትም ሲወጣ ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ኮምፓይለሩን፣ ማለትም ኮዱን ኮምፒውተሩ ወደሚያስኬደው ቅርጽ የሚቀይረውን ፕሮግራም፣ ወደ 1.22 አሳደግን፤ እኔም ከጥቂት ወራት በፊት ለተቀላቀለችን ባልደረባችን «እነዚያን የመገልበጫ መስመሮች አሁን አጽጂያቸው፤ ቋንቋው ራሱ ፈቶታል» አልኳት። አጸዳቻቸው። የሉፕ ፖይንተርን ይጠቁመን የነበረውን ኤክስፖርት ሉፕ ሬፍ የተባለ ሊንተርም (ኮድ ውስጥ ስሕተት የሚጠቁም መሣሪያ) አብረን አጠፋን። ለውጡን መርምሬ ያጸደቅሁትም እኔ ነኝ።

ያላስተዋልነው አንድ ነገር ነበር። አዲሱ ባሕርይ የሚመጣው ኮምፓይለሩ ስለታደሰ አይደለም፤ የሞጁሉ (ለብቻው የተደራጀ የኮድ ክፍል) ጎ ዶት ሞድ የተባለ ፋይል ላይ የተጻፈው የጎ ቁጥር 1.22 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። ጎላንግ እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ከ1.0 ጀምሮ የቆየ ኮድ እንዳይሰበር ቃል ስለገባ፣ ቁጥሩ ከዚያ ያነሰውን ሞጁል በድሮው ሕግ ነው የሚያስኬደው። ዋናውን ሞጁላችንን አሳድገናል፤ መልእክት ላኪው ግን የራሱ ፎልደርና የራሱ ጎ ዶት ሞድ ነበረው፤ እዚያ ላይ የተጻፈው 1.20 ነው። ከጎላንግ ጋር የሚመጣው ኮድ መርማሪ ጎ ቬትም ዝም አለ፤ እሱ የሚያየው ሉፕ ውስጥ ቫሪያብሉን የሚይዙ ፈንክሽኖችን (ትንንሽ የኮድ ቁራጮችን) ነው፣ ያውም የተወሰኑትን፤ ተራ ፖይንተር አይመለከትም። ኮዱን የምንፈትሽበት ቴስታችንስ? ዝርዝሩ ውስጥ የነበረው አባል አንድ ብቻ ነው። አንድ ሰው ብቻ ሲኖር የመጀመሪያውም የመጨረሻውም እሱ ነውና ሁሌም ያልፋል።

ስብሰባ ላይ መስመሮቹን ያጸዳችው ልጅ አንገቷን ደፍታ «ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። «አጽጂ ያልኩሽ እኔ፣ ያጸደቅሁት እኔ፤ አንቺ የታዘዝሽውን ነው የሠራሽው» አልኳት። ይህን ሁሉም ሰው ባለበት መናገሬ ተገቢ ነበር ብዬ አሁንም አምናለሁ። ከዚያ ክርክሩ ወደ ቋንቋው ዞረ። አንዱ ባልደረባችን ለውጡ ለሁሉም በአንድ ጊዜ መሆን ነበረበት ባይ ነው። ሌላው ደግሞ «ሦስት ዓመት ያልነካነው ኮድ ኮምፓይለር በቀየርን ማግስት ጠባዩን ቢለውጥስ?» ብሎ ጠየቀው። እኔ ከሁለተኛው ጋር ነኝ። ኮዱ የተጻፈበትን ሕግ ሳናውቅ ሕጉ ተቀይሯል ብለን የተነሣነው እኛ ነን።

ከሰዓት በኋላ የሁሉንም ሞጁሎች ጎ ዶት ሞድ አንድ በአንድ ከፈትን። ሁለቱ ገና 1.20 ላይ ነበሩ። ወደ 1.22 ከማሳደጋችን በፊት ባሕርያቸው የሚለወጥ ሉፖችን ኮምፓይለሩ በመስመር ቁጥር እንዲነግረን አድርገን እያንዳንዱን አነበብን። ቴስቱ ውስጥም የተለያየ ስልክና የተለያየ ዕዳ ያላቸው ሦስት አባላት ገቡ።

እናቲቱን ላነጋግራቸው እስከ ማኅበሩ ድረስ ሄድኩ። «እማማ፣ ጥፋቱ የኛ ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ያለብዎት አንዱ ብቻ ነው» አልኳቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡና «እፎይ! እሱንማ ሐሙስ ይዤ እመጣለሁ ልጄ» አሉኝ።

ማታ ከልጅቷ ጋር ቢሮ ቆየን። እሷ ስም ስታነብ እኔ ከስልክ ቁጥሩ ጋር እያመሳከርኩ፣ የቀሩትን 42 መልእክቶች ላክን።