ከቦልስተን እስከ አርቮኒያ፦ የባሕር ኃይል የምርምር ገንዘብ የሚያልፍበት መንገድ

አርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ። ከቦልስተን የሜትሮ ጣቢያ ወጥቶ ጥቂት ለተራመደ ሰው ራንዶልፍ ጎዳና ላይ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የምርምር ቢሮ ይገኛል። ኦኤንአር ይሉታል፤ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1946 ነው። ጉዞዬን ከዚህ የጀመርኩት አነስተኛ የምሕንድስና ድርጅቶች የሚያገኙት ገንዘብ ከወረቀት ተነሥቶ መርከብ ላይ እስኪደርስ የሚያልፍባቸውን ቦታዎች በተራ ለማየት ነው። እዚህ ከቢሮ ሌላ የሚታይ ነገር የለም። ደንቡን ግን ሳያውቁ ወደ ቀጣዩ ቦታ መሄድ አያዋጣም።

ገንዘቡ የሚሰጥበት ፕሮግራም ኤስቢአይአር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1982 በወጣ ሕግ የተጀመረ ሲሆን፣ ከራሳቸው ቤት ውጭ ለሚሠራ ምርምር በዓመት ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚመድቡ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ከዚያው ላይ 3.2 በመቶውን ለአነስተኛ ድርጅቶች እንዲለዩ ያዛል። አመልካቹ ለትርፍ የሚሠራ፣ ሠራተኛው ከ500 ያልበለጠ፣ ከግማሽ በላይ ድርሻውም በአሜሪካ ዜጎች ወይም በቋሚ ነዋሪዎች የተያዘ መሆን አለበት። ስለዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ውስጥ ድርጅት ያለው የኛ ሰው ግሪን ካርድ ይበቃዋል። አይታር በሚባለው የጦር ቴክኖሎጂ ደንብ በተከለሉ ርዕሶችም ግሪን ካርድ የያዘ ሰው እንደ ውጭ ዜጋ አይታይም። በሥራ ቪዛ ያለ ባልደረባ ግን አገሩና የሚሠራው ሥራ በፕሮፖዛሉ ውስጥ መገለጽ አለበት፤ ቢደበቅ ገንዘቡን ከማጣት የባሰ ጣጣ ያመጣል። ሌላም አለ፦ ፕሮግራሙ በየጊዜው በኮንግረስ የሚታደስ ነው። ሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 ሳይታደስ በማለፉ አዲስ ጥሪ ቆሞ ነበር። ከምንም በፊት በሥራ ላይ መሆኑን አረጋግጡ።

የባሕር ኃይሉ መፍትሔ የሚፈልግባቸው ርዕሶች ለማመልከቻ ከመከፈታቸው ቀደም ብለው ይወጣሉ። ርዕሱን የጻፈውን መሐንዲስ በቀጥታ ማነጋገር የሚቻለው ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ከተከፈተ በኋላ ጥያቄና መልሱ ሁሉም በሚያየው ድረ ገጽ ላይ ይሆናል። ብዙ ሰው ይህን ዕድል «ሐሳቤ እንዴት ነው?» እያለ ያባክነዋል። መጠየቅ ያለበት የትኛው መርከብ ላይ እንደሚገጠም፣ የትኛው ክፍል ውስጥ፣ ስንት ቮልት እንደሚያገኝ፣ ክብደቱ እስከ ስንት እንደሚፈቀድ፣ ባሕር ላይ ሳለ ማን እንደሚጠግነው ነው።

በቅርብ ዓመታት የባሕር ኃይሉ በመጀመሪያው ምዕራፍ፣ ማለትም በፌዝ አንድ፣ ለመጀመሪያው 6 ወር እስከ 140,000 ዶላር፣ ለተጨማሪ 6 ወር ደግሞ እስከ 100,000 ዶላር ሲከፍል ቆይቷል። ሐሳቡ ሊሠራ የሚችል መሆኑን ማሳያ ገንዘብ ነው፤ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛውን ሥራ ድርጅቱ ራሱ መሥራት አለበት። ቴክኒካል ጽሑፉ ከ10 ገጽ አይበልጥም። መዝጊያው በምሥራቅ አሜሪካ ሰዓት እኩለ ቀን ነው፤ እንደ ሌላው ማመልከቻ ሌሊቱን ድረስ የሚጠብቅ የለም። ሰነዱን መጫን ብቻውን አይበቃም፤ የድርጅቱ ኃላፊ ገብቶ በስሙ ካላረጋገጠው እንዳልገባ ይቆጠራል። ሳም በሚባለው የመንግሥት መዝገብ መመዝገብም ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፤ የድርጅቱ ስምና አድራሻ ከሕጋዊ ሰነዱ ጋር ካልገጠመ ተመልሶ ይመጣል።

ከአርሊንግተን ወንዙን ተሻግረን በክላራ ባርተን ፓርክዌይ ወደ ካርደሮክ፣ ሜሪላንድ ወጣን። ግቢው የባሕር ኃይል ስለሆነ ጎብኚ ቀድሞ ይመዘገባል፤ ካሜራ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1939 የተመረቀው የዴቪድ ቴይለር ገንዳ ያለበት ሕንፃ ርዝመቱ ወደ አንድ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። የመርከብ ሞዴሉን የሚጎትተው ጋሪ በሐዲድ ላይ ይሄዳል፤ ሐዲዱ ደግሞ ቀጥ ያለ ሳይሆን የምድርን ክብነት ተከትሎ የተሠራ ነው። ምክንያቱም ውኃው ራሱ ያንን ቅርጽ ይይዛል። 900 ሜትር ላይ ቀጥ ያለ ሐዲድ ቢዘረጋ ጋሪው ከውኃው ያለው ከፍታ መሐልና ጫፍ ላይ በ1.6 ሴንቲ ሜትር ያህል ይለያያል፤ ለሞዴል መለኪያ ይህ ብዙ ስሕተት ነው። ሌላው ገንዳ 110 በ73 ሜትር ሲሆን፣ በዳርቻው የተደረደሩት 216 የሞገድ መቅዘፊያዎች የፈለጉትን ዓይነት ባሕር ይፈጥራሉ። ለመርከብ ቀፎ፣ ለፕሮፔለርና ያለ ሰው ለሚሄድ ጀልባ ሐሳብ ያለው ሰው መጨረሻው የሚለካው እንዲህ ባለ ቦታ ነው።

ናሽናል ሃርበርን ቶሎ ልለፈው። በየዓመቱ በአፕሪል ሲ ኤር ስፔስ የሚባለው የባሕር ኃይል ትርዒት የሚደረግበት ነው። ናሙና ከሚሠራበት ፌዝ ሁለት ቀጥሎ በሚመጣው ፌዝ ሦስት ላይ የኤስቢአይአር ገንዘብ የለም፤ ከመርከብ ፕሮግራሞች ወይም ከትልልቅ ኮንትራክተሮች ነው የሚመጣው፣ ሰዎቹም እዚህ ይገኛሉ። ከመምጣታችሁ በፊት ግን የሰጣችኋቸው ሥዕሎችና ሶፍትዌሮች ላይ የኤስቢአይአር የመረጃ መብት ምልክት መኖሩን እዩ። ጥበቃው ውሉ ከተሰጠበት ቀን አንሥቶ 20 ዓመት ነው፤ ምልክት የሌለበት ሰነድ ግን መንግሥት ያለ ገደብ ሊጠቀምበት እንደሚችል ይገመታል።

ዋናው ጣቢያ ሩቅ ነው። ከዋረንተን በኩልፔፐር፣ ከዚያ በመንገድ 15 ወደ ደቡብ፣ ጄምስ ወንዝን ተሻግሮ አርቮኒያ። ስሌት የሚባለው ጥቁር ድንጋይ የሚወጣበት አካባቢ ነው፤ የመርከብ ዕቃ የድንጋጤ ሙከራ የሚያደርግ የግል ላብራቶሪ እዚህ አለ። ደንቡ ቀድሞ 901ዲ፣ እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ 901ኢ የሚባለው ነው። ከርቀት የሚፈነዳ ፈንጂ መርከቡን ሳይሰብር ውስጡ ያለውን ዕቃ ምን እንደሚያደርገው ይፈትናል።

እስከ 250 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ዕቃ ወፍራም የብረት ሳህን ላይ ይታሰርና 181 ኪሎ የሚሆን መዶሻ ይወርድበታል፦ ከ30፣ ከ90 እና ከ150 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ፣ በሦስቱም አቅጣጫ፣ በጠቅላላው 9 ምት። ከ3 ቶን በላይ የሚሄደው ውኃ ላይ በሚንሳፈፍ መድረክ ላይ ይጫናል፤ 27 ኪሎ ፈንጂ 7 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ሆኖ ከ12 ሜትር ጀምሮ እስከ 6 ሜትር እየቀረበ አራት ጊዜ ይፈነዳል። ግሬድ ኤ ዕቃ ከምቱ በኋላ ሥራውን መቀጠል አለበት። ግሬድ ቢ ቢበላሽም ተገንጥሎ ሰው መጉዳት የለበትም። የናንተ የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ የዕቃውን ሣጥን መንደፍ ገንዘብ ማባከን ነው።

የሚሰበረው ደግሞ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። ከባድ ካፓሲተርና ትራንስፎርመር እግራቸው ይቆረጣል፤ በኤፖክሲ ከቦርዱ ጋር ማጣበቅ ያድናቸዋል። መቆለፊያ የሌለው ኮኔክተር ይነቀላል። ተወጥሮ የታሰረ ኬብል ይበጠሳል። በሚገባ ያልጠበቀ ብሎን ይላላል፣ ከዚያ ይቆረጣል። ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት (ካስት አይረን) ይሰነጠቃል። አንዳንዱ መሐንዲስ ሁሉንም በጎማ ወይም በሽቦ በተሠራ ድንጋጤ መምጠጫ ላይ አስቀምጦ ይገላገላል። ድንጋጤው ይቀንሳል፤ ሣጥኑ ግን ሲወዛወዝ ከጎኑ ካለው ጋር እንዳይላተም ባዶ ቦታ ይፈልጋል። ከዚህም በላይ 167 የሚባለው የንዝረት ሙከራ ከ4 እስከ 33 ኸርዝ ስለሆነ፣ የመምጠጫው የራሱ የንዝረት ድግግሞሽ እዚያው መሐል ይወድቅና በአንዱ ያለፈው በሌላው ይወድቃል። በኔ ግምት ሣጥኑን ራሱን ማጠንከር ይሻላል።

ዝገቱም እንዲሁ ከብሎን ይጀምራል። የአሉሚኒየም ሣጥን ላይ ስቴንለስ ብሎን በባዶው ከገባ፣ 5 በመቶ ጨው ባለበት በ35 ዲግሪ የጨው ጉም ውስጥ የሚበላው በብሎኑ ዙሪያ ያለው አሉሚኒየም ነው፤ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ሮንዴላና ሽፋን ያስፈልጋል። የመርከብ ኤሌክትሪክም ከመሬት ጋር ያልተያያዘ በመሆኑ፣ ከገበያ የተገዛ ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ከመስመር ወደ መሬት የተያያዘው ካፓሲተር በ60 ኸርዝ ከ0.1 ማይክሮፋራድ ከበለጠ 461 የሚባለውን የኤሌክትሮማግኔቲክ ጣልቃ ገብነት ደንብ አያልፍም።

የሙከራው ዕቅድና ዕቃው የሚታሰርበት ድጋፍ ሥዕል አስቀድሞ በባሕር ኃይሉ መጽደቅ አለበት፤ ያ ሳይሆን መዶሻው ቢወርድ ውጤቱ ላይቆጠር ይችላል። ስለዚህ የላብራቶሪውን ዋጋና ወረፋ በፌዝ አንድ ተጨማሪ 6 ወር ጠይቃችሁ፣ የፌዝ ሁለት በጀት ላይ ከሁለተኛ ናሙና ጋር አስገቡት። አንደኛው ሦስተኛው ምት ላይ ከተሰበረ አስተካክሎ ለመቀጠል ሌላው በእጅ መኖር አለበት።